ማዕዘኑ ያልተቆረሰ ቂጣ

ዋጊሹፍ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1986

ለተወደድከው ወንድሜ ለሁበርት፣

ከሰል ጉድጓድ የሚወርዱ ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ እንደሚባባሉት «እግዚአብሔር ያቅናልህ» ብዬ ልጀምር። እኛ ደህና ነን፤ ስሙ ይመስገን። አልፎንስ ሳሉ ብሶበታል፤ ምላሱ ግን ያው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከኔ ይልቅ ከርግቦቹ ጋር ነው የሚያወራው። እኔም ተገላገልኩ።

እንደ ወረቀት የሳሳውን የገናውን ቂጣ ፖስታው ውስጥ ታገኘዋለህ፤ ቄሱ ባርከውታል። አንዱን ማዕዘን እኔ ቆርሻለሁ፣ አንዱን አልፎንስ፣ አንዱን ልጃችን አኺም። አራተኛው ያንተ ነው። በዋዜማው የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትወጣ ቁረስና ዓመቱን ያስቀየምንህን ይቅር በለን። መቼም እንደ አክስት አግኔስ አይደለንም! በቤቱ ውርስ ከአባባ ጋር የተጣላች ጊዜ ቂጣውን ድፍኑን ልካው፣ እማማ ፖስታውን ከፍታ ስታየው ቁጭ ብላ ያለቀሰችውን ታስታውሳለህ? አንድ ቃል አልጻፈችም እኮ። «ከማዕዳችን ማንም አልቆረሰላችሁም፣ ዘመድ አይደላችሁም» ማለቷ ነበር። ሞተችም፣ አባባም ሞተ፣ ድፍኑ ቂጣ ግን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ሰፈሩ ሁሉ ስላንተ ነው የሚያወራው። የባቡር ሠራተኞቹን ክለብ፣ የስኳር ፋብሪካውን ክለብ፣ ሜዳው ላይ ላም የሚግጥበትን ያንን የምሥራቁን ክለብ ስታሰለጥን የስንቱን መንደር ጭቃ ረግጠህ፣ ይኸው አንደኛ ዲቪዚዮን ገባህ! ክለብህ ፋላ ሁለተኛ ሆኖ የገና ዕረፍት ሊገባ ነው አሉኝ። ኮርቻለሁ፤ ግን ለጎረቤቶቼ «ዕድል ነው» እላቸዋለሁ፤ ዓይን አይግባህ ብዬ።

የኛ ክለብ ካርቦን ግን ከሰንጠረዡ ታች ነው። በማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ በቅድስት ባርባራ ቀን የማዕድኑ ዲሬክተር ባለ ላባውን የማዕድን ባርኔጣ አድርጎ አዳራሹ ውስጥ ምን አለ መሰለህ? «ክለቡ አንደኛ ዲቪዚዮን ካልቆየ በወረቀት ከሰል የሚቆፍር ሰው አልቀልብም። ሁሉም መብራቱን ግንባሩ ላይ ያስርና ይወርዳል።» ሰው ሳቀ። አኺም እንደምታውቀው በመዝገብ ከሰል ቆፋሪ ነው፤ ደሞዙ ከማዕድኑ ይወጣል፣ አካፋ ግን ጨብጦ አያውቅም። የክለቡ ልጆች ሁሉ እንደዚያው ናቸው። እኔም ከሰው ጋር ሳቅኩ፤ ቤት ስገባ ግን በሩን ዘግቼ ጸለይኩ።

እዚያ ወደባችሁ መርከበኞች የጀርመን ጓንት ያመጣሉ አሉ። ለአኺም አንድ የበረኛ ጓንት ብታገኝለት ዓይኔ ነህ። ካልሆነም የተጠበሰ ዓሣ ላክልን።

እህትህ ትሩዳ


ሞዢን፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1987

ለእትዬ ትሩዳ፣

ለአንቺ፣ ለአልፎንስና ለአኺም ጤናና ሰላም እመኛለሁ። አዲሱ ዓመት ከአሮጌው ይሻላችሁ። ማዕዘኔን ቆርሻለሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ ኮከቧን ስጠብቅ የጎረቤት ውሻ አብሮኝ ጠበቀ።

ጓንቱን ልኬአለሁ፤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ እጅ በእጅ ያደርስላችኋል። ስለ እኔ ያወራሽው ሁሉ ደስ ይላል፤ ነገሩ ግን ስለት ላይ መራመድ ነው። የክለባችን ሊቀመንበር ጠርቶኝ «ሦስተኛ ከወጣን አውሮፓ እንጫወታለን፤ ካልወጣን ሌላ ሰው እናያለን» አለኝ። ሃምሳ ልደፍን ነው እትዬ። ይህን ወንበር ዕድሜ ልኬን ለምኜ ነው ያገኘሁት። ከእንግዲህ ሌላ የሚሰጠኝ የለም።

መርሐ ግብሩን አይታችሁት ይሆናል። የመጨረሻው ጨዋታ ጁን 14 እናንተ ሜዳ ነው። እስከዚያ እናንተ ተርፋችሁ እኔም ከግቤ ደርሼ፣ ጨዋታው ለወጉ ብቻ እንዲሆን ለቅድስት ባርባራ ሻማ አብሪልኝ።

ለአኺም ይህን ንገሪው። በግራው በኩል ዝቅ ብላ የምትመጣ ኳስ ላይ ይዘገያል። ከርግቦቹ ቤት ጣሪያ ወድቆ ትከሻው ከወለቀ ጀምሮ በዚያ ጎኑ መውደቅ ይፈራል። በሌላው ሁሉ ጎበዝ ስለሆነ ይሸፍነዋል፤ ከእኔና ከእናንተ ቤት በቀር የሚያውቅበት የለም። ይሥራበት። ደግሞም ይጻፍልኝ፤ እጁ ለኳስ ብቻ ነው እንዴ የተፈጠረ?

ወንድምሽ ሁበርት


ዋጊሹፍ፣ ማርች 19 ቀን 1987

ለወንድሜ ለሁበርት፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ጤናህን ይጠብቅልህ። ጓንቱ ደርሷል፤ አኺም ልብሱን ሳያወልቅ ጓንቱን አድርጎ ተኛ። አልጻፈም አትበለው፤ ልምምድ በዝቶበታል።

አንድ ነገር ልንገርህና ሳቅ። ሥጋ ሻጯን ሞኒካን ታውቃታለህ፤ የሥጋ ኩፖን ይዤ እንኳ ስለምናት ፊቷን የምታዞረዋ። ባለፈው ሳምንት ከሰልፉ መሀል ጠራችኝና በወረቀት የተጠቀለለ ጎድን እጄ ላይ አኖረችልኝ። «ወይዘሮ ትሩዳ፣ ለወንድምዎ ሰላም ይበሉልን» አለች። ከሰልፉ ደግሞ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ቤታችን ጣሪያ ያፈስ እንደነበር ታውቃለህ፤ ዓመት ሙሉ ሳመለክትላቸው የነበሩት የማዕድኑ ሰዎች ሳልጠራቸው መጥተው ጠገኑት። «ለወንድምሽ ሰላም በይልን» አሉ እነሱም። ሰው በአንድ ጊዜ እንዲህ ደግ የሚሆነው ለምን ይመስልሃል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ካርቦን ከመጨረሻው ሦስተኛ ነው። ያ አጥቂህ ሚሩክ እግሩን አሞታል ይባላል። እውነት ነው?

እህትህ


ሞዢን፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1987

ለእትዬ ትሩዳ፣

ለፋሲካው እንኳን አደረሳችሁ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዛብኝ። የሚሩክ እግር ደህና ነው። እንደ ፈረስ ይሮጣል።

ጎድኑን በልታችሁት ከሆነ ይስማማችሁ። ለሚቀጥለው ግን ለሞኒካ «ወንድሜ ሥጋ አይበላም» በያት።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው እሑድ አንድ የዋጊሹፍ ሰው ቤቴ መጣ። ወፍራም፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ የሚያሽከረክር። አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ይዞ መጥቷል፤ ጭኑ ሥር ደግሞ ሌላ የታሸገ ነገር አለ። «የአገርህን ልጆች አትርሳ ነው የምንለው፤ ሌላ ምንም የለም» አለኝ። ከነጭኑ ደረጃውን አስወረድኩት። ተጫዋቾቼ ከሚኖሩበት ሕንፃ ነው የምኖረው፤ ከላይ ሆነው አይተውታል። አንዱ «ጋሼ፣ ዘመድ መጣ እንዴ?» አለና ሳቀ። አድራሻዬን የሚያውቀው ቤታችሁ ብቻ ነው። አልፎንስ ነው የሰጠው? እውነቱን ንገሪኝ።

ሁበርት


ዋጊሹፍ፣ ሜይ 6 ቀን 1987

ሁበርት፣

የዛሬውን ሰላምታ ራስህ ሙላበት፤ እኔ ጉልበት የለኝም።

አልፎንስን ተወው፤ አድራሻህን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ደጄ ላይ ቆሞ ለመነኝ፣ ሰጠሁት። ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? እዚህ የምንኖረው እኛ ነን እንጂ አንተ አይደለህ! አንተ የባሕር አየር እየሳብክ ስለ ክብር ታወራለህ። እኔ አጠገቤ የተኛው ሰው ሲተነፍስ እንደ አሮጌ በር ሲጮህ እሰማለሁ። ያ ጉድጓድ ነው እንዲህ ያደረገው። አባባን ሲያወጡት አንተ ትንሽ ስለነበርክ እንድታይ አልተፈቀደልህም። እኔ አይቻለሁ። እማማ ፊቱን ስታጥበው ውሃውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ልጄን? አንድ ያለኝን?

ካርቦን ካልተረፈ አኺም ይወርዳል። ዲሬክተሩ የልጆቹን ስም ለየፈረቃው እንዳከፋፈለ ጸሐፊው ለሰው ነግሯል። አኺም ሁለተኛ ፈረቃ ነው፤ አባባ የነበረበት።

እንግዲህ አፍ አውጥቼ ልናገረው፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ። ተሸነፍ አልልህም። ሰው ሽጥ አልልህም። አንድ ነገር ብቻ፦ የግራውን ነገር ዋጠው። ለተጫዋቾችህ አትንገራቸው። ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም ብለህ ራስህ ጽፈሃል። አሥራ አንድ ሰው አለህ፣ ሰፊ ግብ አለ፤ በፈለጋችሁበት አግቡ። በዚያች ጥግ ብቻ አይሁን። መናገር አይደለም የጠየቅኩህ፤ ዝም ማለት ነው። ዝም ማለት ምን ያስቸግራል?

እሺ በለኝ። አንድ ቃል ጻፍ፣ ልተኛ።

እህትህ ትሩዳ


ሞዢን፣ ጁን 2 ቀን 1987

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ። «እሺ» ብልሽ ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ሥራ ውሸት ይሆናል። «እምቢ» ብልሽ አውሬ ነኝ።

ዓሣ ልኬአለሁ። አልፎንስ እሾሁን ይጠንቀቅ። አኺምን ሳሚልኝ።

ሁበርት


ሞዢን፣ ጁን 23 ቀን 1987

ለእትዬ ትሩዳ፣

እንኳን ደስ ያላችሁ። ልጅሽ አይወርድም፤ ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው። ሌላውን ግን ስሚኝ።

አንቺ እንደ ልማድሽ ሜዳ አልገባሽም፤ ጆሮሽን ይዘሽ ከርግቦቹ ጋር ነበርሽ አሉ። ስለዚህ እኔው ልንገርሽ። እናንተ አንድ ነጥብ ይበቃችሁ ነበር፣ እኛ ማሸነፍ ነበረብን። አንድ ለአንድ ነበርን። ሊያልቅ ሲል የእናንተ ተከላካይ ሚሩክን ጠልፎ ጣለውና ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን። ሪጎሬዋ ብትገባ እኔ አውሮፓ ነኝ፣ አኺም ጉድጓድ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ሜዳው ላይ ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነግሬአቸው ነበር። ከጨዋታው በፊት በነበረው ዓርብ፣ ሰሌዳው ላይ ሥዬ፣ «በግራው፣ ዝቅ አድርጋችሁ» አልኳቸው። ተናድጄ አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ። ሚሩክ ኳሷን ሲያስቀምጥ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። በግራ፣ ዝቅ አድርጎ መታት። አኺም ኳሷ ሳትነሳ እዚያ ደርሷል! በሁለት እጁ እቅፍ አደረጋት። እንደዚያ ሲወድቅ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ሕዝቡ ሜዳ ገባ። ልጃችሁን ይሸከሙ፣ ደግ። እኔን ተሸከሙኝ እትዬ! «ሁበርት የኛ ነው! ሁበርት የኛ ነው!» እያሉ። አንዱ ሰካራም ላባ ያለውን የማዕድን ባርኔጣ ራሴ ላይ ደፋልኝ። ጋዜጣው ያንን ነው ያተመው፤ ባርኔጣ ደፍቼ፣ አፌን ከፍቼ «አውርዱኝ» ስል፣ የምስቅ መስዬ።

ሚሩክ አውቶቡስ ውስጥ ተነሥቶ «በግራ ምታ ያልከኝ አንተ ነህ፤ ልጁ ደግሞ በግራ ይጠብቀኝ ነበር» አለ። ያለው ሁሉ እውነት ነው። ሊቀመንበሩ በማግስቱ አሰናበተኝ። ሊጉ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሟል።

አኺምን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ እንዴት አወቀ?

ሁበርት


ዋጊሹፍ፣ ጁላይ 26 ቀን 1987

ለወንድሜ ለሁበርት፣

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። የማዕድኑ ባንድ በየመንገዱ ሲነፋ ከረመ። አልፎንስ አንዲት ርግብ በስምህ ጠርቶልሃል። የቤሪ ማርማላታ ልኬልሃለሁ፤ ጠርሙሱ እንዳይሰበር በአልፎንስ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፣ ታጥቧል።

ሰው የሚለውን አትስማ። ወሬ ነው፣ ይበርዳል። እስኪበርድ ዝም ማለት ጥሩ ነው። አንተ እንደሁ አሰልጣኝ ነህ፣ ሌላ ክለብ አታጣም።

እህትህ


ሞዢን፣ ኦገስት 30 ቀን 1987

ትሩዳ፣

ማርማላታው ደርሷል። መልሱ አልደረሰም።

ወሬው አልበረደም። ሦስት ክለብ ጠየቅሁ። ሦስቱም «ጎበዝ አሰልጣኝ ነህ፣ ግን» አሉ። ከ«ግን» በኋላ የሚሉት የላቸውም። ሱቅ ስገባ ሰዎች «ላባውን የት ጣልከው?» ይሉኛል። ባለቤቱም አብሮ ይስቃል።

ሜይ ላይ አንቺ አንድ ነገር ለመንሽኝ፤ እኔ አላደረግኩልሽም። አሁን እኔ ለምኜሻለሁ፤ አንቺም አላደረግሽልኝም። ተካካስን ልትይ ትችያለሽ። ግን ያንቺ ልጅ ተርፏል። እኔ በሕይወቴ ያለኝ ነገር ሰው «ሁበርት አይሸጥም» ማለቱ ነበር። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። አኺም የሚያውቀውን ለአጣሪዎቹ ይናገርልኝ። ይህን ብቻ ነው የምጠይቀው። ካልሆነ ማርማላታ አትላኪልኝ።

ሁበርት


ዋጊሹፍ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1987

ሁበርት ወንድሜ፣

ቁጭ ብለህ አንብበው። ደብዳቤህ ከመጣ ጀምሮ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

ሜይ ላይ የጻፍኩልህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ያደረሰው አኺም ነው። መንገድ ላይ ከፍቶ አነበበው፣ ባለጌ! ተመልሶ መጣና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«እማ፣ አጎቴን ምን ብለሽ ነው የምትለምኚው?»

«ዝም በል፣ ላንተ ብዬ ነው።»

«ይነግራቸዋል።»

«አይነግርም! ሥጋህ ነው።»

«ይነግራቸዋል እማ። እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅ ሆኜ ዳማ ስንጫወት እንኳ እያለቀስኩ ያሸንፈኝ ነበር እንጂ አንድ ቀን ለቆልኝ አያውቅም» አለና ሳቀ፣ ይኸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከርግቦቹ ቤት ጀርባ አባቱ ድንች ይወረውርለታል፤ ሁልጊዜ በግራ፣ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ። አልፎንስ እየሳለ ይወረውራል፣ ያኛው እየጮኸ ይወድቃል። ትከሻው ሰማያዊ ሆነ። እኛም የተቀጠቀጠ ድንች ስንበላ ከረምን።

ሚሩክ ዞሮ ሲያይህ አንተ ዓይንህን እንዳልሰበርክ አኺም አይቷል። «ያኔ ነግሮታል አልኩ» አለኝ። «አጎቴ ዝም ብሎት ቢሆን ኖሮ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄድ ነበር፤ ሚሩክ የሚወደው ቀኝ ነው። እኔ ግራ ተዘርሬ እቀር ነበር» አለኝ። ገባህ ሁበርት? የለመንኩህን ብታደርግልኝ ኖሮ ልጄን በገዛ አፌ ጉድጓድ አስገብቼው ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረኝ በጨዋታው ማግስት ነው። እኔ ነኝ አፍህን ዝጋ ያልኩት፤ በአባባ መቃብር አስማልኩት። ጨዋታው ቢሰረዝስ? ካርቦን ቢወርድስ? ያንተን ስም ለልጄ ሳንባ ለወጥኩት። ይኸው ነው፤ አላሳምረውም። ማርማላታ ላክሁልህ፤ አፈርኩ።

የኦገስቱን ደብዳቤህን ግን አኺም አገኘው። ምንም አላለኝም። የእሑድ ልብሱን ለበሰና ለብቻው ዋርሶ ሄደ። አጣሪዎቹ ፊት ቀርቦ ሁሉንም ተናገረ፤ ጣሪያውን፣ ትከሻውን፣ ድንቹን፣ ዳማውን። ሳቁበት። አንዱ «ጥሩ ተረት ነው፣ የጻፈልህ ማን ነው?» አለው። በመጨረሻ «ማስረጃ አልተገኘም» ብለው ዘጉት። እኛን አልቀጡንም፣ ያንተንም ስም አላጸዱም።

ዲሬክተሩ ግን ሰምቶ አበደ። «ማን ተናገር አለህ? ክለቡን ልታስቀጣ ነበር!» ብሎ ከቡድኑ አስወጣው። ከኦክቶበር መጀመሪያ ጀምሮ አኺም ጉድጓድ ይወርዳል። ሁለተኛ ፈረቃ።

ይቅር በለኝ አልልህም። በደብዳቤ አይባልም።

ትሩዳ


ሞዢን፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1987

እትዬ፣

በወደቡ የዓሣ መጋዘን ሥራ ይዣለሁ። ሣጥን እጭናለሁ። ደብዳቤሽን እዚያው፣ ሣጥን ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

ልጁን ያወረድኩት እኔ ነኝ። «ይናገርልኝ» ባልል ኖሮ ዛሬ ሜዳ ላይ ነበር። አንቺ ልታድኚው ለመንሽ፣ እኔ ስሜን ላድን ብዬ ለመንኩ። የፈራሽው ሁሉ በእኔ እጅ መጣ። ስሙም አልተመለሰ።

ለገና እንድመጣ ልትጠይቂኝ ትችያለሽ ብዬ አስቀድሜ እጽፋለሁ። አልመጣም። የአኺምን ፊት የማይበት ፊት የለኝም። ዘንድሮ ቂጣም አትላኩልኝ። ለአልፎንስ ሳል ዓሣ ዘይት ልኬአለሁ።

ሁበርት


ዋጊሹፍ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1987

ለዚያ ግትር ወንድሜ ለሁበርት፣

እግዚአብሔር ያቅናልህ፣ ልብ ይስጥህ፣ በተለይ ልብ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ደግሞ ሁለቱንም ነህ።

ልጁን አንተ አላወረድከውም። የተናገረ እሱ ነው፣ ያስወጣው ዲሬክተሩ ነው፣ አፉን ይዤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም ብቻህን አትሸከም፤ እዚህም የምትሸከም የልጁ ትከሻ አለች፤ ያውም ከሁላችን ይልቅ የጠናች። የመጀመሪያውን ቀን ከጉድጓዱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። የምሞት መስሎኝ ነበር። ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ነጭ ሆኖ ወጣና «እማ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ራት የት አለ?» አለኝ። መታሁት፤ ከዚያ አቀፍኩት፤ ካፖርቴ ላይ ያረፈው ጥላሸት እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ፍርሃቴ አልሄደም። የጉድጓዱ ሳይረን በጮኸ ቁጥር እስከ በሩ እሮጣለሁ። ግን ቀና ብሎ ነው የሚሄደው ሁበርት፤ ሰው ሲያየው መንገድ ይለቅለታል።

ሞኒካ ጎድኑን ትታለች። ወደ ሰልፉ ተመልሻለሁ። እዚያ ግን አንዲት አሮጊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ወንድምሽ ለገዛ እህቱ ልጅ እንኳ ያልሸጠ ሰው ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። «እውነት ነው» አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ዋርሶ ባይሰሙት፣ የዋጊሹፍ ሰልፍ ሰምቶታል።

አሁን ሥራ ላውራህ። የሁለተኛው ፈረቃ ልጆች ቡድን አላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጥቁር አመድ በተደለደለው ሜዳ እሑድ እሑድ ይጫወታሉ፤ ከዲቪዚዮኖች ሁሉ ታች ያለው ውስጥ ናቸው። በረኛቸው ማን እንደሆነ ገምት። አሰልጣኝ የላቸውም። ደሞዝ የለም። ኳሳቸው ተጣፍቷል። ባለፈው እሑድ አምስት ገባባቸውና አኺም ቤት ገብቶ «አጎቴ ቢኖር አንዱን ተከላካይ እዚያው ሜዳ ላይ ይገድለው ነበር» አለ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና «ይመጣል እንዴ?» አለኝ። እንደ ልጅነቱ ነው የጠየቀኝ።

ቂጣው ፖስታው ውስጥ አለ። አትላኩ ብለህ ነበር፤ እኔ ደግሞ መቼ ሰምቼህ አውቃለሁ? አውጣና እየው። ድፍን ነው። አንድም ማዕዘኑ አልተነካም። ደንግጠህ ከሆነ ደንግጥ፣ ይገባሃል።

እኔ አልቆረስኩም፣ አልፎንስም አልቆረሰም፣ አኺምም አልቆረሰም። ይቅርታ በፖስታ መላላክ ሰልችቶኛል። እዚህ ይዘኸው ና፤ ኮከቧ ስትወጣ አራታችንም በየእጃችን እንቆርሰዋለን፤ የምንባባለውን ያኔ ዓይን ለዓይን እንባባላለን። ባቡር ላይ እንዳይሰበርብህ መጽሐፍ መሀል አድርገው።

ካልመጣህ ግን ድፍኑን እንደያዝክ ቅር። ያኔ እኔ አክስት አግኔስ ነኝ።

እህትህ ትሩዳ